ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ መውረድ

ጥያቄ፦ በጥር ከቤተሰቤ ጋር ከጎባ ተነስተን በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ አድርገን በሐረና ጫካ ወደ ዶሎ መና ልንወርድ ነው። መኪናችን ማንዋል ላንድክሩዘር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ቢይዘንስ?

መልስ፦ ወሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጫካው ፀሐይ ስለማያስገባ ጭቃው ቶሎ አይደርቅም። ነዳጅ ጎባ ላይ ሙሉ።

4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው አምባ መውረድ ሳትጀምሩ ቁሙና ፎር ኤል (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚዞርበትን ማርሽ) አስገቡ። በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ካዳለጠ በአንደኛ። ፍሪሲዮን አትርገጡ፤ ከረገጣችሁ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ፍሬኑን ልቀቁ፤ የማይሽከረከር ጎማ ለመሪ አይታዘዝም። የኋላው ወደ ጎን ከሄደ ነዳጅ በጥቂቱ ስጡት። እግር ይህን በደመ ነፍስ አያደርገውምና አስቀድማችሁ ሜዳ ላይ ተለማመዱ።

የጎማ ንፋስ ከ36 ወደ 25 ፒኤስአይ አውርዱ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ። መልሳችሁ የምትሞሉበት ኮምፕሬሰር ያዙ። ክሪክ ጭቃ ውስጥ ስለሚሰምጥ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አድርጉ። የመጎተቻ ገመድ ተሳቢ በሚያያዝበት ኳስ ላይ ፈጽሞ አትሰሩ፤ ኳሱ ተሰብሮ ሲወነጨፍ ሰው ይገድላል። ዛፍ ላይ ካሰራችሁም ልጣጩ እንዳይላጥ በሰፊ ቀበቶ ይሁን። ከጥላው ሥር ያለው የጫካ ቡና የነዋሪው መተዳደሪያ ስለሆነ ጭቃ ለመሸሽ ብላችሁ ከመንገዱ አትውጡ።