«ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። ካገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ በስልክ አፕ እየተጠራ ሰው የሚያደርስ ሹፌር ነው። መኪናዋን የገዛናት በብድር ነው። ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ያገኘውን ለቤቱ ያመጣል።

ችግሬ ስልኩ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ጣቱ ከስክሪኑ አይነሳም። ሳወራው ቀና ሳይል «እ?» ይለኛል። ስደግምለት «ሰምቻለሁ» ይላል። ጠዋት ስጠይቀው ግን ምንም አያውቅም። ባለፈው ትንሹ ልጄ ጉልበቱ ላይ ወጣና ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ራሱ አዞረው። ባሌ ፈገግ ብሎ ሳመውና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልጄ እንደገና አዞረው። አሁንም ተመለሰ። ከዚያ ልጁ ዝም ብሎ ወርዶ ሄደ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ ተኝቶ ሳለ ስልኩን ከፍቼ አየሁ። ምንም የለም። የዶሮ እርባታ ቪዲዮ፣ የዶሮ ቤት አሠራር፣ የመኖ ዋጋ፤ ይኸው ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ቢያንስ የምጣላት ሰው አገኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ደበቅኩበት። በኃይል ተጣላን። ልጆቼን ይዤ እህቴ ጋ ሁለት ቀን አደርኩ። እህቴ «ሰዉ ሁሉ እንዲህ ሆኗል፣ ምን ታካብጃለሽ» አለችኝ።

በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት የተዘጋ ጊዜ እንዲህ አልነበርንም። የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። ማታ ማታ ስለ ልጅነቱ ያወራኝ ነበር። እናቱ እንቁላል እየሸጡ ደብተር ይገዙለት እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። ያ ሰው የት ሄደ እላለሁ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። ትንሹ ልጄ ያለ ዩቲዩብ አይበላልኝም። ባሌ ሱሰኛ ሆኗል ወይ? ሽማግሌ ላስገባ?

ሐ. ነኝ»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

እህትሽ ባለችው ልጀምር። ሰዉ ሁሉ እንዲህ መሆኑ እውነት ነው። ግን የጎረቤትም ጣራ ያፈሳል ተብሎ ያንቺ ልጅ ዝናብ ላይ አይተኛም። አላካበድሽም። አጠገብሽ ተቀምጦ የሌለ ሰው ጋር ማምሸት ያማል። ባልሽ ቢሰክር ወይም ቢማግጥ ኖሮ የሚያጽናናሽ አታጪም ነበር። ይሄ ግን በኛ አገር ስም ስለሌለው ሰው አይረዳሽም። ሌላ አገር ግን ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ «ፈቢንግ» የሚል ቃል ፈጥረውለታል፤ ስልክ እያዩ አጠገብ ያለን ሰው ችላ ማለት ነው። ቃል እስኪፈጠርለት ድረስ የዓለም ሕዝብ አሞታል ማለት ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ያቆየኝ የትንሹ ልጅሽ እጅ ነው። ላስረዳሽ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናቶችን ከጨቅላ ልጆቻቸው ጋር አስቀመጠ። መጀመሪያ እናትየው እንደ ወትሮዋ ታጫውታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ጭጭ ታደርጋለች። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ልጇን እያየች ዝም ትላለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይልላታል። ምላሽ ሲያጣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ይወራጫል። ያም ካልሠራ ፊቱን ያዞራል፣ ሰውነቱ ይዝላል። ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ያንቺ ልጅ ሁለቴ ሞከረ፣ ከዚያ ወርዶ ሄደ። አንድ ምሽት እንዲህ መሆኑ ልጅ አይጎዳም። ወላጅም ይደክመዋል፣ ልጅም ይሄን ይችላል። በዚያው ሙከራ እናትየው ስትመለስለት ሕፃኑም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ልጅሽ ጉንጩን ይዞ ፊቱን ማዞሩ አባቴ ይመለሳል ብሎ ስለሚያምን ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ማዞሩን ያቆመ ቀን ነው። አንቺንም ልጠይቅሽ፦ ውሎሽን ለባልሽ መንገር ያቆምሽው መቼ ነው? አሁንም ትነግሪዋለሽ ወይስ «አይሰማኝም» ብለሽ ትተሽዋል? ይሄን የምለው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ሰው እንደ ልጅሽ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። የባልሽን ቀን አብረን እንየው። ስልኩ መኪናዋ ፊት ለፊት ተሰክቶ ይውላል። ጥሪ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ጥሩ ረጅም መንገድ ይሁን ወይስ አንድ ፌርማታ፣ አያውቅም። ስለዚህ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ስኪነር የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እርግቦችን ሲያጠና ያገኘው ይሄንኑ ነው። እርግቧ ቁልፉን በምንቃሯ ስትመታ እህሉ አንዳንዴ፣ ያልታሰበ ጊዜ ላይ ብቻ የሚመጣላት ከሆነ መምታቷን አትተውም። እህሉ ቢቋረጥባት እንኳ ለረጅም ጊዜ ትቀጥላለች። ባልሽ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሁኔታ ሠልጥኖ ይውላል። ማታ ደግሞ ቲክቶክ ሲከፍት ያው ነው። ቀጣዩ ቪዲዮ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዱ የማይረባ፣ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ ልብ የሚነካ። ደግሞ ማለቂያ የለውም። ድሮ ገጽ ያልቅ ነበር፣ ጋዜጣም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ነው ገጹ ሳያልቅ እንዲወርድ የሚያደርገውን አሠራር የነደፈው። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዞ የዋለ ሰው «በቃ» የሚልበት ጉልበት ከየት ያመጣል?

ይሄ ሁሉ ልጁን ላለማየቱ ምክንያት አይሆንለትም። አባት ነው፣ ኃላፊነቱ የሱ ነው። ግን ባልሽ ንቆሽ ነው ብለሽ ያመንሽ ስለመሰለኝ ነው የነገርኩሽ። አልናቀሽም።

ሱሰኛ ነው ወይ ብለሻል። ይሄን ቃል አትጠቀሚበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የቁማርና የጌም ሱስ አሉ፤ የስልክ ሱስ የሚባል የለም። የኛ ሰው ደግሞ «ሱሰኛ» ያሉት ሰው ላይ ስሙ ይጣበቅበታል። አንድ ነገር ግን በቀጥታ ጠይቂው፦ ስፖርት ቤቲንግ ይጫወታል? ብሩ ያለ ምክንያት ይጎድላል? የምታውቂውን ሰው ብድር ጠይቋል? እንዲህ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ከጻፍሽልኝ ግን እንደዚያ አይመስለኝም።

ስልኩን ጣል ማለትም አይሆንም። እንጀራው እሱ ላይ ነው። ቴሌብሩ እሱ ላይ ነው። እናቱ ቢያማቸው የሚደወለው እሱ ላይ ነው። ሰው በሥራው፣ በገንዘቡ፣ በዘመዱ በኩል ስልክ ላይ ቢደገፍ አልቃወምም። የኔ ጥያቄ ማታ ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት አራት ሰዓታት ብቻ ናቸው። የቤቱ ድርሻ እነሱ ነበሩ።

ሽማግሌውን ለጊዜው አቆዪው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ተሰብስበው «ልጄ፣ ስልክህን ተው» ቢሉት ያፍራል። ሲያፍር ደግሞ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጨርሶ ነው የሚገባው። መጀመሪያ አንቺ ንገሪው። ማታ አይሁን። እሱ ሶፋው ላይ ሳለ ከተናገርሽው ስልኩን የምትቀሚው ነው የሚመስለው። በማይሠራበት ቀን፣ ጠዋት፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ይሁን። «አንተ ሁሌ» ብለሽ አትጀምሪ። ያየሽውን ብቻ ንገሪው። «ያን ማታ ልጃችን ፊትህን ሁለቴ አዞረው። ከዚያ ወርዶ ሄደ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።» ይሄው። ለኔ የጻፍሽው ሦስት መስመር ይበቃል። እኔን ካቆየኝ አባቱን ያልፈዋል ብዬ አላምንም።

ከዚያ አንድ ሰዓት ለምኚው። አራቱንም አይደለም። እንደገባ ሃያ ደቂቃ ለብቻው ይተንፍስ፣ ስልኩንም ይይ፣ አትናገሪው። ከዚያ ልጆቹ እስኪተኙ ዳታው ይዘጋና ስልኩ ቡፌው ላይ ይቀመጥ። መደወያው ድምፁ ከፍ ይበል። እናቱ ቢደውሉ ይሰማል፣ ስለዚህ ልቡ አይሰቀልም። ያንቺም ስልክ አጠገቡ ይቀመጥ። ያንቺ ከእጅሽ ሳይወርድ የሱን ብታወርጂበት ሁለተኛ ቀን ላይ ይፈርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ቢረሳ አትቁጠሪበት።

በዚያች ሰዓት ምን ታደርጋላችሁ? ብሉ። አንድ ትሪ ላይ። ትንሹንም አስቀምጪው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይላል። እኔን ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብላቱ ነው። ዩቲዩብ እያየ የሚጎርስ ልጅ መራቡንም መጥገቡንም አያዳምጥም፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል፣ ትንሽ ይበላል። ጤነኛ ልጅ ነው፣ አይጎዳም፤ ክብደቱ የሚያሳስብሽ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። በምሳና በእራት መሃል ብስኩት አታብዢበት፣ ርቦት ይቅረብ። ከዚያ አባቱ ያጉርሰው። አስተውለሽ ከሆነ ስልክ እያዩ ማጉረስ አይቻልም። የሚጎርሰውን ሰው አፍ ማየት ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። «የዶሮ እርባታ ቪዲዮ፤ ይኸው ነው» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ማለፍ አቃተኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የመኖ ዋጋ የሚያይ ሰው እየተዝናና አይደለም። እያሰላ ነው። የመኪና ብድር አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ሁለት ልጆች አሉት። ከመሪው የሚወርድበትን መንገድ እየፈለገ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ። ግን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፦ ኢንተርኔት በተዘጋባቸው በነዚያ ሦስት ሳምንታት ስለ እናቱ እንቁላል ያወራሽ ነበር። ያ ጊዜ ለብዙ ሰው የሐዘንና የጭንቀት ጊዜ ነበር፣ እንዲመለስ አልመኝም። ያኔ ያወራሽ የነበረውን ነገር ግን አሁን ማታ ማታ ስልኩ ላይ ለብቻው ያየዋል። ያ ሰው የት ሄደ ብለሻል። የትም አልሄደም።

ለምን አልነገረሽም? ምናልባት «በምን ብር?» ትለኛለች ብሎ ፈርቷል። ምናልባት ቤት የያዘ ወንድ ጭንቀቱን አያወራም ተብሎ ነው ያደገው። ምናልባትም ከፍቶታል። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ንዴቱን ተከታተይ። ድሮ የሚወደውን ነገር ሁሉ ትቶ፣ ዝም ብሎ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲሁ ከቆየ፣ ምናልባት ድባቴ ስለሚሆን ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልገዋል። በዚህ አያፍርም፣ አንቺም አትፈሪ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀርሻል። ስለ ዶሮዎቹ ለመጠየቅ ስልኩን እንደከፈትሽ መናገር አለብሽ። ተናገሪ። «ሌላ ሴት ጠርጥሬ ስልክህን ከፍቼ አየሁ። ይቅርታ። ከእንግዲህ አልከፍትም» በይው። ይቆጣ ይሆናል፣ መብቱ ነው። አትመልሺለት፣ አሳልፊው። ቀኑን ቢያኮርፍም ነገ ይመጣል። ስልኩ መሃላችሁ የገባው በዝምታ ነው፤ አንቺም የደበቅሽው ነገር ካለሽ ከሱ ዝምታ ጋር ተደምሮ አያስጠጋችሁም።

ሲበርድለት ቡና አፍዪ። አጠገቡ ተቀመጪ። ስልኩን ራሱ ያምጣው፣ ከፍቶ የሚያየውን ያሳይሽ። የዶሮ ቤቱን፣ ጫጩቶቹን፣ የመኖውን ሒሳብ። «ስንት ነው ልታረባ ያሰብከው? የት?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ። «አይሆንም» የሚለው ምላስሽ ላይ ቢመጣም ዋጪው፤ ብሩ ሌላ ቀን ይቆጠራል። ስለ እናቱ እንቁላልም እንደገና ጠይቂው፤ ዶሮዎቹ ስንት እንደነበሩ፣ የት ያድሩ እንደነበር። ትልቋ ልጃችሁም ትስማ። ያኔ ሆድሽ ውስጥ ነበረች፣ አልሰማችም።