ቲቶሪያል ገብተሽ ዝም ካሉሽ

በሒሳብ ተመርቃ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በግራጁዌት አሲስታንትነት (በረዳት መምህርነት) የተቀጠረች ወጣት ጽፋልኛለች። የተሰጣት ሥራ የፍሬሽማን ተማሪዎች ቲቶሪያል ነው፤ ማቴማቲክስ ፎር ናቹራል ሳይንስ የሚባለው ኮርስ። ደብዳቤዋ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄ አላችሁ? ስላቸው ማንም አይተነፍስም። ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ይገለብጣሉ። ኩዊዝ ስሰጥ ግን ብዙዎቹ ባዶ ወረቀት ይመልሱልኛል። ማስተማር የማልችለው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው ያልበቁት? የክፍል ጓደኞቼ ባንክ እየገቡ ነው። አባቴም ‹አርፈሽ ባንክ ተወዳደሪ› ይለኛል። እዚህ ልቆይ ወይስ ልውጣ?»

እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽን ለጊዜው ላቆየው። አሁን ትተሽ ብትወጪ የምትሸሺው ሙያውን ሳይሆን አንድ የተበላሸ የቲቶሪያል አሠራር ነው። አሠራሩን ደግሞ አንቺ አልፈጠርሽውም፤ ስትገቢ ያገኘሽው ነው። መምህሩ ሌክቸር ይሰጣል፣ ረዳቷ ወርክሺቱን ሰሌዳ ላይ ትሠራለች፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፋይናል ይሸመድዳል። በዚህ መንገድ ሒሳብ ስትለማመጂ የምትውዪው አንቺ ነሽ። እነሱ አንዲት መስመር በራሳቸው ሳይጽፉ ወደ ዶርም ይመለሳሉ።

ባዶውን ወረቀት እናንሳ። የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ምርጫ ነው። ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሳይቀር ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን አንስቶ ኢኩዌሽኑ ውስጥ እየከተተ ማረጋገጥን ተክኖበታል። አልነቅፈውም፤ ሰዓት ይቆጥባል፣ ነጥብ ያስገኛል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ምርጫው የለም። ጥያቄው «ሾው ዛት» (እንዲህ መሆኑን አሳይ) ብሎ ይጀምራል። ልጁ መልሱ እዚያው ተጽፎ እያየ ምን ጻፍ እንደተባለ አይገባውም። ደረጃ በደረጃ ጻፍ ብሎ የጠየቀው፣ የጻፈውንም አንብቦ «ይቺ መስመር ከየት መጣች?» ያለው ሰው እምብዛም አላጋጠመውም። አንቺም በዚያው በር ነው የገባሽው። አንዴ ከተሻገርሽው በኋላ ግን ማዶው አይታይሽም።

በዚያ ላይ ክፍልሽ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች አመጣጣቸው አንድ አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሬሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ያላመጡ ተማሪዎች የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት፣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አንዱ በቀጥታ አልፎ፣ ሌላው በሬሜዲያል ዞሮ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ማን በየት እንደገባ አትጠይቂ፤ እነሱም ቢሆኑ እንዲጠያየቁ አታድርጊ። ስሙ አንዴ ከተለጠፈበት ልጁ እጁን ማውጣት ያቆማል።

አሁን አንድ ወረቀት ቀረብ ብለን እንይ። ጥያቄው 1/ኤክስ < 2 ነው እንበል። ተማሪው ሁለቱንም ጎን በኤክስ አባዝቶ «ኤክስ ከ1/2 ይበልጣል» ብሎ ጨርሷል። አብዛኛው ረዳት እዚህ ጋ በቀይ ይሰርዛል፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶም በትክክል ይሠራዋል። አንቺ እንዲያ አታድርጊ። «ኤክስን ነጌቲቭ 1 አድርገህ ሞክረው» ብቻ በይው። 1 ለነጌቲቭ 1 ሲካፈል ነጌቲቭ 1 ነው፣ ከ2 ያንሳል፣ ጥያቄውን ያሟላል። እሱ መልስ ውስጥ ግን የለም። ልጁ መጀመሪያ አንቺን ያያል፤ ቀጥሎ ወረቀቱን። በነጌቲቭ ሲባዛ ምልክቱ እንደሚገለበጥ እኮ ያውቃል፣ ሃይስኩል ተምሮታል። ችግሩ ኤክስ ፖዘቲቭ ይሁን ነጌቲቭ ሳያውቅ ማባዛቱ ነው። አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ከያዘው «ኤክስ ከዜሮ ሲያንስስ?» የሚለውን ጥያቄ ሌላ ቦታም ይዞት ይሄዳል። አንቺ ሠርተሽ ብታሳዪው ግን ይገለብጠዋል፣ እስከ ሚድ ይረሳዋል።

የዚህ ዓይነት ቀዳዳ ብዙ ነው። የ3 እና የ4 ድምር ካሬ 49 መሆኑን በቁጥር ሲጠየቅ የማይስት ልጅ፣ ፊደል ሲመጣበት ካሬውን ለየብቻ ያከፋፍለዋል። በቁጥር 9 እና 16 ተደምረው 25 እንደሚሆኑ አሳይተሽው ሁለቱን ያወዳድር። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለመድፈን ግን ከ7ኛ ክፍል ልጀምር እንዳትዪ። ጊዜውም የለሽም፣ ልጆቹም የተናቁ ይመስላቸዋል። ዋናውን ጥያቄ ስጪያቸው፤ ቀዳዳው ሲገኝ እዚያው ድፈኚው፣ ቀጥዪ።

ስለ ቋንቋ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም በደብዳቤሽ መሃል «በአማርኛ ሳስረዳቸው ትንሽ ይነቃሉ» ብለሻል። የሚነቁት የትኞቹ ናቸው? ክፍልሽ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ የሚናገሩ ልጆች ይኖራሉ፤ አማርኛውን ከጎረቤት እየጠየቁ የሚከታተሉ ማለት ነው። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ብዙው ልጅ «ኢፍ ኤንድ ኦንሊ ኢፍ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ፎርሙላ ነው የሚሸመድደው። የኔ ምክር ይሄ ነው፦ ሰሌዳ ላይ ቀላልና አጭር እንግሊዝኛ ተጠቀሚ፣ በየቡድናቸው ሲነጋገሩ ግን በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ። ሰሚ ሲያገኙ ቃሉን ራሳቸው ያብራሩታል።

ሎጂክ ላይ ለምሳሌ ሁሉም የሚጣሉበት ሰንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው ሐሳብ ውሸት ሲሆን «ኢፍ ፒ ዜን ኪው» (ፒ ከሆነ ኪው ይሆናል) እንዴት እውነት ይሆናል? ይሄንን በደረቁ ብትነግሪያቸው ይሸመድዱታል። አንድ አባት ልጁን «ኤ ካመጣሽ ስልክ እገዛልሻለሁ» አላት በያቸው። ልጅቷ ቢ አመጣች። አባትየው አሳዘነችውና ስልኩን ገዛላት። ዋሸ? አልዋሸም። ባይገዛስ? አሁንም አልዋሸም፤ ኤ ካላመጣች ምን እንደሚያደርግ አልተናገረም። ዋሽቷል የሚባለው ኤ አምጥታ ስልኩን ሲከለክላት ብቻ ነው። ሰንጠረዡ አራት መስመር ነው፣ ታሪኩም አራት ነው። ክፍሉ ይከራከርበታል። ኋላ ወንበር ያሉት ጭምር።

ዝምታቸውስ? «ገባችሁ?» ብለሽ መጠየቅ አቁሚ። «አዎ ቲቸር» ከማለት ሌላ ምን ይበሉሽ? እኛ ዘንድ ታላቅ ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ሆኖ ያደገ ልጅ ብዙ ነው፤ ከመቶ ሰው ፊት ደግሞ ይብሳል። ይልቅ ቁራጭ ወረቀት አዙሪ፣ ስም ሳይጽፉ የቆሙባትን መስመር ይጻፉልሽ። ሰብስበሽ ስታይ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እንደቆሙ ታያለሽ። ያንን ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፣ የልጆቹ ፊት ይፈታል። እኔ ብቻ ነኝ ደደቡ ብሎ የተቀመጠው ብዙ ነውና።

ከዚያ በአራት በአራት አስቀምጫቸው፤ ለአራቱም አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ብቻ። ስም አትስጪው። አንድ ለአምስት ምናምን ካልሽ ስብሰባ መስሏቸው ይሸሻሉ። አንድ ወረቀት ያልኩሽ ለቁጠባ አይደለም፤ አራት ወረቀት ካለ አራት ብቸኛ ተማሪ ነው ያለሽ። አንቺ በመሃል ዙሪ። መልስ አትስጪ፣ ጠይቂ። ሴቶቹ ተለይተው አንድ ጥግ ላይ ጸጥ ብለው ሲገለብጡ ካየሽ እስክሪብቶውን የሚይዝ ሰው በየጥያቄው እንዲቀያየር አድርጊ።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። በ1970ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኡሪ ትራይስማን የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ሊያጣራ ተነሣ። ሰነፎች ናቸው፣ ቤተሰባቸው አልደገፋቸውም የሚለው ግምት ሁሉ አልሠራም። ልጆቹ በርትተው ያጠኑ ነበር፤ ግን ብቻቸውን። እዚያው የሚማሩት የቻይና ተወላጆች ግን ተሰብስበው፣ ወረቀት ተለዋውጠው፣ አንዱ የሌላውን ስህተት እየነቀሰ ነበር የሚያጠኑት። ትራይስማን ያቋቋመው ወርክሾፕ የደካሞች ክፍል አልነበረም። ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጣቸው፣ በቡድን አሠራቸው፣ ውጤታቸው ተቀየረ። የሚገርመኝ ከባድ የሚለው ነው። እኛ የወደቀ ልጅ ስናይ ቶሎ የሚታየን ማቅለል ነው።

የኮርሱን ባለቤት አትርሺ። 20 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ልኮልሽ አንቺ ሦስቱን ብቻ ካሠራሽ ቅር ሊለው ይችላል። ስለዚህ ቀድመሽ ሂጂ። «ዶክተር፣ ተማሪዎቹ ይቺ ጋ ነው የሚደናቀፉት፤ ሦስቱን በደንብ ይሥሩና የቀሩትን ለአሳይመንት ላድርገው?» በይው። በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ማስታወሻም ላኪለት፤ የትኛው ስህተት ስንት ወረቀት ላይ ታየ፣ ምን ሞከርሽ፣ ምን ተቀየረ። መጀመሪያ ላይ ላያነበው ይችላል። ግድ የለም፣ ቅጂው አንቺ ጋ ይቀመጥ።

ሌላ የማስጠነቅቅሽ፣ ሚድ ከተለጠፈ በኋላ የሚጠፋ ልጅ አለ። ዲፓርትመንት የሚመደቡት በውጤት ስለሆነ አንድ ዝቅ ያለ ሚድ ሕልሙ ሁሉ ያበቃ ይመስለዋል። በክፍሉ ተጠሪ በኩል አስጠሪው፣ ቢሮሽ ይምጣ፣ ከቀረው ማርክ ምን ያህል ማንሳት እንደሚችል አብራችሁ አስሉ። ከሒሳብ ያለፈ ጭንቀት ካየሽበት የግቢው የምክር አገልግሎት ጋ አድርሺው። ሁሉን ልሸከም አትበዪ።

አሁን ወደ ሙያሽ። ይሄ ሥራ መሸጋገሪያ ብቻ የሚመስልሽ እኛ ጋ ስም ስላልወጣለት ነው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ በ1991 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሒሳብ ድጋፍ ማዕከል ከፈተ፣ ላፍብራ ዩኒቨርሲቲም ተከተለ፤ ዛሬ ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች አሉ። እኛ አገር በግራጁዌት አሲስታንትነት ብዙ መቆየት አይቻልም፤ ሌክቸረር ለመባል ማስተርስ ያስፈልጋል። በንጹሑ ሒሳብ መቀጠል ትችያለሽ፣ ማቴማቲክስ ኤዱኬሽን መያዝም ትችያለሽ። ሁለተኛውን «ለደካማ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ አትስሚያቸው። ኤይምስንም ተመልከቺ። ይህ በ2003 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኬፕታውን ላይ የተጀመረ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ነው። አሁን ሩዋንዳ፣ ጋና፣ ሴኔጋልና ካሜሩንም አለ፣ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ማመልከቻሽ ላይ ውጤትሽን ሁሉም ይጽፈዋል። በየሳምንቱ ያጠራቀምሽው ማስታወሻ ግን የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ አይገኝም፤ ዶክተሩም የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ የሚጠቅሰው ነገር ያገኛል።

ደሞዙን አላሳምርልሽም። ባንክ ይሻላል፤ አባትሽ ያዩት እውነት ነው። በትርፍ ሰዓት ማስጠናት ይደጉማል፣ ግን ራስሽ የምታርሚላቸውን ተማሪዎች በገንዘብ አታስጠኚ፤ ስምሽ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል።

ስለዚህ እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር ማብቂያ ቆዪ። ኤችዲፒ (የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና) ከመጣልሽ ግቢ። መለኪያሽ ይሄ ይሁን፤ የሰላሳ ሰው ወረቀት ይዘሽ ተቀምጠሽ «ይሄ ልጅ ምን አስቦ ነው እዚህ የደረሰው?» የሚለው የሚያጓጓሽ ከሆነ ቆዪ። ማረሙ ብቻ የሚያማርርሽ ከሆነ ባንክ መግባት አያሳፍርም፤ እዚያም ቁጥር የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። እስከዚያው የባንክ ፈተና ከተጠራሽ ሄደሽ ተፈተኚ፣ አባትሽም ደስ ይበላቸው። መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ግን ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። ለማስተርስ ቢልኩሽ ስንት ዓመት እንድታገለግዪ፣ ካቋረጥሽም ምን እንድትከፍዪ የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው። ካልገባሽ አንቀጹን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።