ቅጣቱ ለማን ይከብዳል? ስለ ሀብታም ክለቦች ገንዘብ የጠየቃችሁኝ

ፒያሳ የነበረው ኳስ ማያ ቤታችን ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ከፈረሰ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ የምንሰባሰበው ከስታዲየም ብዙም በማይርቅ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክርክሩ ግን አብሮን ተዛውሯል። ጨዋታ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስለ አሰላለፍ መነጋገሩ ቀርቶ ስለ ሒሳብ መዝገብ እንነታረካለን። ድሮ የሚጠየቀው «ማን ያገባል?» ነበር፤ ዛሬ «ስንት ነጥብ ይቀነስባቸዋል?» ሆኗል። ነገሩ የአውሮፓ ክለቦች ከአቅማቸው በላይ አውጥተው እንዳይከስሩ የሚገድበው የገንዘብ ሕግ ነው፤ የጣሰው ይቀጣል። ከዚያ ቤትም ከሌላ ሰፈርም የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን ሳምንት ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ሀብታም ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው። ለክለቡ ቢያፈስ ማንን ጎዳ? ሕጉ ቅናት አይመስልዎትም?» (ከለገሃር)

ቅናትም አለበት፤ አልዋሽህም። ነባሮቹ ትልልቅ ክለቦች አዲስ ሀብታም ወደ ሰፈራቸው ሲገባ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ነገር ግን ፖርትስማውዝን ተመልከት። በ2008 የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሣ። በ2010 ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች መካከል በኪሳራ አስተዳደር ሥር የገባ የመጀመሪያው ሆነ፤ ዘጠኝ ነጥብ ተቀንሶበት ወረደ። በ2013 ወደ አራተኛው እርከን ዘቀጠ። ዋንጫውን ያነሡት ተጫዋቾች ያን ጊዜ በየአገሩ ተበትነው ኑሯቸውን ይኖሩ ነበር። ገንዘባቸውን ከክለቡ ከሚጠይቁት መካከል በሜዳው ዳር ቆመው የተጎዳ ተመልካች የሚያነሡ የመጀመሪያ ርዳታ በጎ ፈቃደኞች ሳይቀሩ ነበሩ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ደግሞ ክለብ ሲከስር የተጫዋቾች ደመወዝና የሌሎች ክለቦች ገንዘብ ቅድሚያ ያገኛል፤ ዳቦ ያቀረበው ሰው ከኋላ ይሰለፋል።

በእኛ ቋንቋ ጉዳዩ የዕቁብ ነው። ዕጣ በመጀመሪያው ዙር ወጥቶለት ገንዘቡን የበላ ሰው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ቢጠፋና «የራሴን ገንዘብ ነው የበላሁት» ቢል የዕቁቡ ዳኛ ምን ይለዋል? ለዚህ ነው ዋስ የሚጠራው። የገንዘብ ሕጉም በአብዛኛው የዋስ ጥሪ ነው።

«ክለቡ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ ይባላል፤ ለሕጉ የተቆጠረው ግን 20 ሚሊዮን ነው ይሉናል። ሰማንያው የት ገባ?» (ከአራት ኪሎ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ)

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ይህን እኔን ሲጠይቅ መምህሩ እንዳይሰማ። ሰማንያው የትም አልገባም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው። የተጫዋቹ ዋጋ በውሉ ዓመታት ይካፈላል፤ አምስት ዓመት ከፈረመ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ይመዘገባል። ስምንት ዓመት ቢፈርም 12.5 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ቼልሲ ይህን ቀዳዳ አይቶ በ2023 ኤንዞ ፈርናንዴዝን ከ106 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ ስምንት ዓመት ተኩል አስፈረመው። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ በዚያው ዓመት «ውሉን የፈለጋችሁትን ያህል አርዝሙ፤ ዋጋውን ግን ከአምስት ዓመት በላይ ማካፈል አይቻልም» ብሎ ዘጋው፤ ፕሪሚየር ሊጉም በዓመቱ መጨረሻ ተከተለ።

ሽያጭ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ትርፉ በአንድ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት መዝገብ ላይ ይገባል። ክለቡ ከልጅነቱ ያሳደገው ተጫዋች ከሆነ ደግሞ በመዝገብ ላይ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ሁሉ ትርፍ ነው። ከሕጉ ጉድለቶች እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የስምንት ዓመት ውል በመዝገብ ላይ እንዲስተካከል፣ በክለቡ አጥር ሥር ያደገው ልጅ ይሸጣል። ደጋፊው የሚወደውን ሲሸጡበት ሕግ ማክበር ነው ይሉታል።

ፕሪሚየር ሊጉ የፈቀደው ጣሪያ በሦስት ዓመት 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ነበር። ከዚህ ውስጥ 15 ሚሊዮኑን ክለቡ ራሱ ይሸከም ነበር፤ 90 ሚሊዮኑን ባለቤቱ በብድር ሳይሆን አክሲዮን በመግዛት መሸፈን ነበረበት (ዋሱን አስታውሱ)። ለታዳጊዎች፣ ለሴቶች ቡድንና ለስታዲየም ግንባታ የወጣው አይቆጠርም ነበር። ከ2026/27 ጀምሮ ግን ሊጉ ወደ ሌላ ስሌት እንዲሻገር ክለቦቹ በኖቬምበር 2025 ድምፅ ሰጥተዋል፤ ለቡድኑ የሚወጣው ወጪ ከገቢው 85 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው።

ጣሪያው ሲጠብ ብልሃት ይበዛል። ቼልሲ ስታዲየሙ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሆቴሎች በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ለማን? ለእኅት ኩባንያው። ቤቱን ለሚስቱ ሸጦ «ዘንድሮስ አተረፍኩ» የሚል ባል ታውቁ እንደሆነ እርሱን አስቡ። የፕሪሚየር ሊጉ ሕግ ይህን አልከለከለም። ዩኤፋ ግን ገቢ ብሎ አልቆጠረውም፤ በጁላይ 2025 ቼልሲን 31 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ወደፊት የተስማማበትን ካልጠበቀ የሚጨመር 60 ሚሊዮንም አንጠለጠለበት። ባርሴሎና በዚያው ሰሞን 15 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። እንግዲህ 31 ሚሊዮን ዩሮውን ከኤንዞ ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት። የገንዘብ ቅጣት ለገንዘብ ባለቤት የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ነው።

«ጓደኛዬ ሜሲ ባርሴሎናን የለቀቀው በገንዘብ ሕግ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ተጣልቶ ነው እላለሁ። በማኪያቶ ተወራርደናል።» (ከካሳንቺስ)

ማኪያቶውን ክፈል። በኦገስት 2021 ሁለቱም ወገኖች ለመቀጠል ተስማምተው ነበር፤ የስፔን ሊግ የደመወዝ ጣሪያ ግን ምዝገባውን አልፈቀደም። ስፔኖች ወጪውን አስቀድመው ይገድባሉ፤ እንግሊዞች ካለፈ በኋላ ይቆጥራሉ።

«ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት ወዲያው ነጥብ ተቀነሰባቸው፤ ከመቶ በላይ ክስ የቀረበበት ማንቸስተር ሲቲ ግን ዓመታት ተቆጠሩለት። ሕግ ለደሃ ብቻ ነው?» (ከስታዲየም አካባቢ፣ ስሜን አይጻፉ)

ስምህን አልጽፍም፤ የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆንክም አልናገርም፤ ይታወቃል።

በመጀመሪያ ኤቨርተን ደሃ አይደለም፤ ገንዘብ አያያዝ ያልቻለ ሀብታም ነው። እስከ 2022 በነበረው የስሌት ዘመን ኪሳራው 124.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ከጣሪያው በ19.5 ሚሊዮን በለጠ። በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ ስድስት ወረደ፤ በኤፕሪል 2024 ለሌላ ጥሰት ሁለት ተጨመረ። የፎረስት ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይገባናል። መርካቶ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሒሳቡ የሚዘጋው ጁን 30 ነው። አጥቂውን ብሬናን ጆንሰንን እስከዚያ ቢሸጠው ሒሳቡን ያቃልልለት ነበር፤ የቀረበለት ዋጋ ግን ዝቅ ያለ ነበርና ጠበቀ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። እንደ ነጋዴ አትርፏል፤ እንደ ሕግ ግን ሁለት ወር ዘግይቷል። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገና ያደገ ክለብ ስለነበረ ጣሪያው 61 ሚሊዮን ነበር፤ በ34.5 ሚሊዮን አለፈው፤ አራት ነጥብ ተቀነሰበት። «በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ ብዬ ነው» ማለቱ አላዳነውም።

የሲቲ ጉዳይ ዓይነቱ ሌላ ነው። ኤቨርተን ደረሰኙን አምጥቶ መብለጡን ያመነ ነው፤ ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነበር። በሲቲ ላይ የተነሣው ክርክር ደረሰኙ ራሱ እውነት ነው ወይ የሚል ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በፌብሩዋሪ 2023 ያቀረበው ክስ ከ2009 ጀምሮ ያሉ ዓመታትን ይነካል። ክለቡ ስለ ገቢው፣ በተለይም ስለ ስፖንሰር ገንዘብ፣ ስለ አሠልጣኝና ስለ ተጫዋቾች ክፍያ ትክክለኛውን አላሳወቀም፣ ለምርመራውም አልተባበረም ይላል። ክለቡ ሁሉንም ይክዳል። እንዲህ ያለውን ክስ በመደመሪያ ማሽን መፍታት አይቻልም፤ ምስክር፣ የኢሜይል መልእክትና ውል መመርመር አለበት። ችሎቱ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2024 ተሰማ። በ2009 የተወለደ ልጅ ክርክሩ ተሰምቶ ሲያልቅ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል።

ሲቲ ቀድሞም አንድ ጊዜ አምልጧል። በ2020 ዩኤፋ የሁለት ዓመት እገዳና 30 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጁላይ እገዳውን ሻረ፤ ባለመተባበሩ 10 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ አስቀረበት። ከፊሉ ክስ በማስረጃ አልጸናም፤ ከፊሉ በይርጋ ወደቀ። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ እንዲህ ነው፦ ሕጉ የተጻፈው ለሁሉም ነው፤ ጠበቃ የሚቀጠረው ግን በኪስ ልክ ነው።

ብዙ ሰው የማያነሣውን ደግሞ እኔ ላንሣ። በ2021/22 ኤቨርተን በ39 ነጥብ ሊጉ ውስጥ ቀረ፤ በርንሊ በ35 ነጥብ ወረደ። ያ ስድስት ነጥብ በዚያው ዓመት ተቀንሶ ቢሆን ኤቨርተን 33 ይኖረው ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ግን በርንሊ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ እንደገና ለመውረድ እየተንገዳገደ ነበር። የዘገየ ነጥብ የሚቀነሰው ከሌላ ሰው ገበታ ላይ ነው።

«ዩቬንቱስ ነጥብ ተቀነሰበት፣ ተመለሰለት፣ እንደገና ተቀነሰበት። ምን ሰርቆ ነው?» (ከፒያሳ)

ሁለት ጎረቤታሞች በግ ተለዋወጡ እንበል። በጎቹ ገበያ ቢወጡ እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ሺህ ብር አያወጡም። ሁለቱም ግን በደብተራቸው ላይ «በስልሳ ሺህ ሸጥኩ፣ በስልሳ ሺህ ገዛሁ» ብለው ጻፉ። ብር ከእጅ ወደ እጅ አልሄደም፤ በደብተሩ ላይ ግን ሁለቱም ዘንድሮ አትራፊ ሆኑ። በጉን በተጫዋች ተኩት። የጣሊያን እግር ኳስ ፍርድ ቤት ዩቬንቱስን የቀጣው በዚህ ዓይነት የተጋነነ የዝውውር ትርፍ ነው። በጃንዋሪ 2023 አሥራ አምስት ነጥብ ተቀነሰ፤ በኤፕሪል ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ተብሎ ተመለሰ፤ በሜይ አሥር ሆኖ ተወሰነ። ይህ የመጨረሻው ወሬ የደረሳቸው ከኤምፖሊ ጋር ሊጫወቱ ወደ ሜዳ ሊገቡ ሲሉ ነበር፤ 4 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ዩኤፋ ለአንድ ዓመት ከአውሮፓ ውድድር አስወጣቸው።

«የእኛዎቹ ክለቦችስ? እንዲህ ያለ ሕግ ቢመጣባቸው ስንቱ ይተርፋል?» (ከአራዳ፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ)

ወንድሜ፣ ለእኛ ጥያቄው መጀመሪያ «ገቢው የታለ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ከከተማ ወይም ከክልል በጀት፣ ወይም ከመንግሥት ድርጅት ይተዳደራሉ። ክለብህ ቅዱስ ጊዮርጊስ በእኛው አቆጣጠር በ1928 እዚሁ አራዳ ተመሥርቶ፣ እንደ ኢትዮጵያ ቡና ሁሉ፣ ደጋፊውን ተደግፎ የሚኖር ነው። እንደነዚህ ያሉት ክለቦች የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ሊጉ በየክልል ከተማው ሲዞር በከረመባቸው ዓመታት የለመዱት የመግቢያ ገንዘብ ቀርቶባቸዋል። በጀት የሚቀለበው ክለብ ከዓመት ዓመት ቢከስር ብዙውን ጊዜ አይዘጋም፤ ተጫዋቹ ግን ደመወዙ ለወራት ይቆይበትና ለፌዴሬሽኑ አቤት ይላል። እንግሊዝ አገር ከገቢው በላይ ያወጣ ክለብ ነጥብ ያጣል፤ እዚህ የቤት ኪራዩን የሚያጣው ተከላካዩ ነው። የደመወዝ ጣሪያን እደግፋለሁ። ከጣሪያው በፊት ግን መሠረቱ ይጣል፦ የተፈረመ ደመወዝ በወሩ ይከፈል፤ ያልከፈለ አዲስ ተጫዋች አያስመዝግብ።

«ጌታዬ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የእንግሊዝ ቡድን ይደግፋል፤ ‹ተከሰስን› እያለ ሆድ ብሶታል፤ እሑድ ምሳም አልበላ አለ። ይህ ነገር ወደ እኛ ይመጣል?» (ከቸርችል ጎዳና፣ እናት)

አይመጣም፣ እመቤቴ። እርሱ አልተከሰሰም። ጠበቆቹ ምሳቸውን በልተዋል፤ እርሱም ይብላ።