ከወንጀል ነፃ ማስረጃና ቪዛ፦ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ፖሊስ ማስረጃ የሚያስጨንቃችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። አብዛኛው ለአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ ነው፤ ዲቪ የደረሰው፣ ባል ወይም ልጅ ያመለከተለት። ሌላ አገር ካልጠቀስኩ የምመልሰው ስለዚያ ነው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄዎቹን ሳነብ ከሁሉ በላይ የታየኝ ፍርሃት ነው። ለዓመታት ሰው ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ኬዝ ሲበላሽ ያየሁት ባብዛኛው ሰው ባለፈው ታሪኩ አይደለም። ታሪኩን በመደበቅ ነው። መልሶቼን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ዲቪ ደርሶኛል። ከኢትዮጵያ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ አሉ፤ አንዱ 15፣ አንዷ 9 ዓመቷ ነው። ማን ማን ያወጣል?

አንተና ባለቤትህ ከፌዴራል ፖሊስ ታወጣላችሁ። ሰው "አሻራ" የሚለው ይኸው ነው፤ ፓስፖርት ይዞ ቀርቦ አሻራ መስጠት ስለሚያስፈልግ። ደንቡ 16 ዓመት የሞላውን ሁሉ ይመለከታል። ትንሿን ተዋት። የ15 ዓመቱ ልጅ ግን ከኢንተርቪው በፊት 16 የሚሞላ ከሆነ የእሱንም አስብበት። ዲቪ ጊዜ አይሰጥም። የአሜሪካ በጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ የዚያ ዓመት ዕድልም አብሮ ይዘጋል። አንድ ወረቀት ጎድሎ ያ ቀን ካለፈ የሚያስቀጥልህ የለም።

ወረቀቱ ሲሰጥህ እዚያው ቆመህ አንብበው። ስምህ፣ የአባትህና የአያትህ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈው ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው መሆን አለበት። የልደት ቀንህም ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር እንዳይዛባ እየው። የአንድ ፊደል ስህተት እዚያው መስኮቱ ላይ ቶሎ ይስተካከላል። ኢንተርቪው ላይ ከታየ ግን ሌላ ቀጠሮ ነው።

ዱባይ 7 ወር፣ ቤይሩት 3 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ከሁሉም ላምጣ?

ከቤይሩት አዎ፣ ከዱባይ አያስፈልግሽም። ሰው የሚምታታበት ሁለት ዓይነት ቁጥር ስላለ ነው። ዜግነትሽ ባለበት አገርና አሁን በምትኖሪበት አገር ከ6 ወር በላይ ከኖርሽ ማስረጃ ይጠየቃል። ቀድሞ ኖረሽ በተውሽው ሌላ አገር ደግሞ ገደቡ 12 ወር ነው። ሁለቱም የሚቆጠሩት ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ ነው። ዛሬም ዱባይ ብትሆኚ ኖሮ 7 ወሩ ያስጠይቅሽ ነበር።

ታስሮ የሚያውቅ ሰው ግን የወር ቁጥር አያድነውም። አንድ ሳምንት ብቻ በቆየበት አገር ቢታሰርም ከዚያ አገር ማስረጃ ይጠየቃል።

ሳዑዲ የሄድኩት በ17 ዓመቴ ነው። ደላላው ፓስፖርቱን በሌላ ስም አወጣልኝ፤ ዕድሜዬንም 25 አደረገው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ማዳሜ ደመወዝ ስትከለክለኝ ጠፋሁ። ሁሩብ (ከአሠሪዋ የጠፋች) ተባልኩ። ተይዤ ሹሜሲ በሚባለው እስር ቤት አንድ ወር ቆይቼ ተመለስኩ። አሁን በትክክለኛ ስሜ ፓስፖርት አለኝ፤ ባለቤቴ ከአሜሪካ አመልክቶልኛል። ሰው ሁሉ "ሳዑዲን ጭራሽ እንዳታነሺ" ይለኛል።

እህቴ፣ አንሺው። ዝርዝር አድርገሽ አንሺው።

የመኖሪያ ቪዛ ማመልከቻው ፎርም ላይ፣ ማለትም ዲኤስ 260 ላይ፣ ሦስት ነገር ትጠየቂያለሽ። በሌላ ስም ተጠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ? ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ የት የት ኖረሻል? ታስረሽ ታውቂያለሽ ወይ? ለሦስቱም መልስ አለሽ። የድሮውን ስም ጻፊ። የሳዑዲውን አድራሻ የምታስታውሺውን ያህል ጻፊ። ሹሜሲ መቆየትሽንም ጻፊና ምክንያቱን አስረጂ።

እንዲህ አስቢው። በ17 ዓመትሽ ደላላ ያወጣልሽ ፓስፖርት ለአሜሪካ ቆንስል የነገርሽው ውሸት አይደለም። ዛሬ ሳዑዲን ዘለሽ ፈርመሽ ብታስገቢ ግን ውሸቱ የራስሽ ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ቁም ነገር የሆነ ጉዳይን አዛብቶ የተናገረን ሰው ለዕድሜ ልክ ይከለክላል። የይቅርታ መንገድ አለው፤ ግን ጠባብ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ላላቸው ነው፤ እሱም ያ ቤተሰብ ከባድ ችግር ላይ እንደሚወድቅ ካሳዩ ብቻ። ብዙ የዲቪ ዕድለኛ ያንን እንኳ የለውም።

የመኖሪያ ፈቃድ በማጣት ከአረብ አገር መባረር ደግሞ ብቻውን የአሜሪካን ቪዛ የሚያስከለክል ወንጀል አይደለም። አንቺ የምትፈሪው ነገር ያን ያህል አይጎዳሽም። "ደብቂው" የሚሉሽ ነው የሚጎዳሽ።

የሳዑዲውን ማስረጃ ስትጠይቂ ሁለቱንም ስሞች አቅርቢ። አሻራሽ እዚያ ያለው በድሮው ስም ነው። የድሮው ፓስፖርት ኮፒ ወይም የተመለስሽበት ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ካለሽ ፈልጊው። ትክክለኛ ዕድሜሽን የሚያሳዩትን የልደት ማስረጃና የተማሪ ቤት ካርድ ጨምሪ። ባለቤትሽ እዚያው ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ቢያማክርልሽ ለዚህ ጉዳይ የሚያወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሰፈር ተለቅሜ ሦስት ሳምንት ታስሬ ነበር። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት አልቀረብኩም። ማስረጃዬ ንጹሕ ነው የወጣው። ታስረህ ታውቃለህ ሲሉኝ አይደለም ልበል?

ታስሬያለሁ በል። ጥያቄው ተፈርዶብህ እንደሆነ ብቻ አይደለም። ያኔ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያለ ክስ ተይዞ ተለቋል፤ ይህ የተሸሸገ ነገር አይደለም። መቼ ተያዝክ፣ የት ቆየህ፣ መቼ ተለቀቅክ፣ ክስ እንዳልነበረ፤ ይህን በአንድ ገጽ ጽፈህ ያዝ። የመልቀቂያ ወረቀት ካለህ አብረህ አድርግ። ንጹሑ ማስረጃህም ያንተን ቃል ይደግፋል።

ከስምንት ዓመት በፊት በጠብ ተከስሼ በገደብ ተለቅቄያለሁ። አበቃልኝ ማለት ነው?

አላበቃልህም፤ ግን ወረቀት ያስፈልግሃል። የተፈረደበት ሰው የፍርድ ቤቱን የውሳኔ ግልባጭ፣ ታስሮ ከሆነም የማረሚያ ቤቱን ማስረጃ ያቀርባል። ምሕረት ወይም ይቅርታ ያገኘም ቢሆን ያው ነው። የመዝገብ ቁጥርህን ይዘህ መዝገብ ቤት ሂድ፤ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ አውጣና በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው።

የሚወስነው የጥፋቱ ዓይነት ነው። ተራ ጠብና በመሣሪያ ጉዳት ማድረስ አንድ አይደሉም። ስርቆትና ማጭበርበር ከባድ ናቸው፤ አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለአንድ ቀላል ጥፋት ሕጉ ራሱ ማለፊያ አለው፦ ወንጀሉ ሊያስቀጣ የሚችለው ከፍተኛው እስራት ከአንድ ዓመት ካልበለጠና የተፈረደው ከ6 ወር ካልበለጠ። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ላጠፋና አምስት ዓመት ላለፈውም እንዲሁ። በአንተ ጉዳይ መጀመሪያ የሚታየው የተጠቀሰብህ አንቀጽ ነው። ግልባጩን ስታወጣ አንቀጹን እየው።

የትራፊክ ቅጣትስ?

ተከፍሎ ያለቀ ቅጣት እስር አይደለም። ሰው ተጎድቶ ፍርድ ቤት የደረሰ አደጋ ከሆነ ግን ከላይ እንደተባለው ነው።

ካርቱም አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ከማን ልጠይቅ?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየአገሩ የትኛው ሰነድ እንደሚገኝና እንደማይገኝ በድረ ገጹ ይዘረዝራል። የሱዳንን ክፍል አንብብና ገጹን አትመህ ያዝ። ሱዳን ኤምባሲ ሄደህ ጠይቅ፤ "አንሰጥም" ካሉህ ያንኑ በጽሑፍ ለማግኘት ሞክር። ዝም ብሎ ባዶ እጅ ከመቅረብ፣ መሞከርህን የሚያሳይ ወረቀት ይዘህ ቅረብ።

ማስረጃው ስንት ጊዜ ያገለግላል?

ለአሜሪካ ሁለት ዓመት። ቀድሞ ከኖርሽበት ሌላ አገር ያወጣሽው ከሆነና ከዚያ ወዲህ ተመልሰሽ ካልሄድሽ ጊዜው አያልፍበትም። ካናዳ ግን ጥብቅ ናት፦ በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ባለሙያ ሠራተኞች ለካናዳ መኖሪያ ፈቃድ በሚያመለክቱበት መንገድ) የሚያመለክት ሰው አሁን ከሚኖርበት አገር የሚያቀርበው ከማመልከቻው በፊት በ6 ወር ውስጥ የወጣ መሆን አለበት።

ሲያትል ነው የምኖረው፤ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ወደ ካናዳ ላመለክት ነው። የኢትዮጵያውን እዚህ ሆኜ ማውጣት እችላለሁ?

ትችላለህ። ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ዘንድ አሻራህን አረጋግጠህ፣ አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ውክልና ትልካለህ፤ እሱ ፌዴራል ፖሊስ ያስጨርስልሃል። የአሜሪካውን ከኤፍቢአይ ታወጣለህ፤ ክፍያው 18 ዶላር ነው። ካናዳ የምትጠይቀው 18 ዓመት ከሞላህ ጀምሮ፣ ባለፉት 10 ዓመታት በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ የኖርክበትን አገር ሁሉ ነው። ኢትዮጵያን ለቀህ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነህና ተመልሰህ ያን ያህል ካልቆየህ ዝርዝሩ ውስጥ ላትገባ ትችላለች። ውክልና ከመላክህ በፊት ቁጠር።

እናቴ ልትጠይቀኝ በቱሪስት ቪዛ ልትመጣ ነው። እሷም ታውጣ?

ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ በተለምዶ አይጠየቅም። ፎርሙ ስለ እስር የሚጠይቀው ግን ለሁሉም ነው፤ እውነቱን ሙሉላት።

አንድ ሰው "አሻራ ሳትሰጪ በሦስት ቀን አወጣልሻለሁ" አለኝ። ሠልፉ አስጨንቆኛል፤ ልስጠው?

አትስጪው። አሻራሽ ያልተነሣበት ወረቀት ያንቺ ማስረጃ አይደለም። ሐሰተኛ ሰነድ ካቀረብሽ ደግሞ ከላይ ለሳዑዲዋ እህት ያልኩት የዕድሜ ልክ ክልከላ አንቺንም ያገኝሻል። ያውም አንድም ቀን ሳትታሰሪ። ፓስፖርትሽን ያዢና በጠዋት ራስሽ ሂጂ።