ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ሰሞኑን አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሐዋሳ ልብስ ታሰፋለች፤ ስድስት ሠራተኞች አሏት። «ጋሼ፣ የስቶሩን ቁልፍ ለሠራተኛ የምሰጠው መቼ ነው?» አለችኝ። ስለ ብድርና ስለ ማስታወቂያ ቢሆን ቶሎ እመልስ ነበር። ይህኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ መርካቶ ውስጥ ጫማ አሠራ ነበር። በ1994 ዓ.ም 14 ሠራተኞች ነበሩኝ። የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቅልቆት፣ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ይዘጉ ነበር። እኔን ያቆየኝ አንድ ቆራጭ ነው። ቆዳውን ዘርግቶ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ጠንካራውን የጀርባ ክፍል ለጫማው ፊት፣ የሚለጠጠውን የሆድ ክፍል ለማይታየው ቦታ ይመድባል። ሌላው 10 ጥንድ ከሚያወጣበት ቆዳ እሱ 11 ያወጣል። እኔ ሳልኖር ሥራውን የሚመራው እሱ ነው እል ነበር። የስቶሩ ቁልፍና የዋጋው ደብተር ግን ከእኔ እጅ ወጥተው አያውቁም።

ነሐሴ ላይ እናቴ አረፈች። መንዝ ወረድኩ። ከሰልስቱ በኋላ ዝናቡ መንገዱን ዘጋውና ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ሞባይል ያኔ አልነበረኝም። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ስከት ቁልፉን አገኘሁት። «ምን ይሆናል» ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ የአዳማ ጅምላ ነጋዴ 600 ጥንድ የተማሪ ጫማ ፈልጎ መጣ። ቆራጩ ዋጋ መናገር አይችልም። ቆዳም ማውጣት አይችልም። ሰውየው ሁለት ቀን ጠብቆ ሌላ ጋ ሄደ። ነሐሴ ላይ ያመለጠ የተማሪ ጫማ ደግሞ ለዓመቱ አመለጠ ማለት ነው።

ስመለስ ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት ጮህኩበት። «በሩን ሰብረህ አትገባም ነበር?» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ቃል ነው። ቢሰብረው ፖሊስ እንደምጠራበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አልመለሰልኝም። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ሁለት ሰፊዎች ተከተሉት። በእሱ ቦታ የተተካው ቆራጭ የሆዱን ቆዳ ለጫማው ፊት ያውል ነበር። ጫማው በሁለት ወሩ ተለጥጦ ይመለስብናል።

የጃፓኖችን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምረው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም ከተቋቋመ በኋላ እኔም ሥልጠና ገባሁ። ችግሩን ቀድሞ የሚያየው ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው ሲሉ ፊቴ የመጣው እሱ ነበር።

ቁልፉን የያዝኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሶል ሰርቆኝ ነበር። ለአንድ ልጅ ጥፋት 14 ሰው ቀጣሁ።

የዛሬ ልጆች ታሳዝኑኛላችሁ። ዕቃው ሳይሠራ ሎጎው ያልቃል። ሠራተኛውን «ቤተሰብ ነን» ትሉታላችሁ፤ አንድ ደንበኛ ራሱ እንዲያስተናግድ ግን አትተዉትም። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

ልጄ፣ ቁልፉን አሁኑኑ ስጪ። ዕቃውንና ገንዘቡን ግን ሁለቱንም ለአንድ ሰው አታስይዢ፤ ስቶሩንም በየሳምንቱ ቁጠሪ። ከዚህ በታች አትውረድ የምትይውን ዋጋ ንገሪው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እሱ ይወስን። ይህን ሁሉ እዚያው እያለሽ ጀምሪው። ከደንበኛ ጋር ሲዋዋል ከጎኑ ተቀመጪና ዝም በይ። ቢሳሳትም ደንበኛው ከሄደ በኋላ ለብቻው ንገሪው። ዝም ማለቱ ከሁሉም ይከብዳል።

ቆራጩ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። ይቅርታ ልለው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ያንቺ ጥያቄ ከመጣ በኋላ ግን ገባሁ። አንድ ወጣት ተቀበለኝ። «የሉም፣ ክፍለ አገር ሄደዋል፤ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ጥቁር ጫማ አነሳሁ። ዋጋውን ነገረኝ። ስከራከረው ማንንም ሳይጠይቅ ቀነሰልኝ።