አያታችሁ ሁሉ «ወልዴ» ስለሆነ ዘመድ ናችሁ?

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዳማ ውስጥ የአያታቸው ስም ወልዴ የሆነ አራት ቤተሰቦች አግኝተሃል። ያንተም አያት ወልዴ ናቸው፤ ስኳር ፋብሪካው ሲከፈት ወንጂ ገቡ ይባላል። አራቱ ቤት ዘመዶችህ መሆናቸውንና አያትህ ከየት እንደተነሡ ማጣራት ትፈልጋለህ።

ከስሙ አትነሣ። እኛ ዘንድ ሦስተኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም በተግባር አልተለመደም። ልጅ ስትወልድ «ወልዴ» ከመጨረሻው ይወጣና ያባትህ ስም ይተካዋል። እንግዲህ አስበው፦ የአንተ እኩያ የሆነ ሰው አያቱ ያው ያንተው ወልዴ ከሆኑ ያጎትህ ልጅ ነው፤ አባትህ ሳያውቁት አይቀሩም። የራቀው ዘመድህ ግን ወልዴ አይባልም። የአያትህ ወንድም ተሰማ ቢባሉ የልጅ ልጆቻቸው መጨረሻ «ተሰማ» ነው፤ በየቀኑ ባጠገብህ ቢያልፉ ከስማቸው አትለያቸውም። ይህ የማይሠራው አያትህ ወደ ወንጂ ሲመጡ አገር ቤት ሚስትና ልጅ ትተው ከሆነ ነው፤ ያኔ ወልዴ የሚባሉ፣ አባትህ ያላወቋቸው የአጎት ልጆች ሊኖሩህ ይችላሉ። ይህን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ጠይቅ።

ስለዚህ የምትፈልገው የወልዴን አባትና የአባታቸውን አባት ነው። አራተኛውና አምስተኛው ስም እስኪገኝ ድረስ ሰዎቹን «ዘመዴ ነህ ወይ» ብለህ አትጠይቅ፤ ፍቅር የያዘው ሰው አዎ ይልሃል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ወልዴ ብዙ ጊዜ የወልደ ማርያም፣ የወልደ ሚካኤል ወይም የወልደ ጻድቅ አጭር ነው፤ መዝገብ ላይ ሙሉው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ፈረስ የሚጋልብ ከነበረም የፈረስ ስም ነበረው። ከዚህ በላይ ከባዱ ደግሞ፣ ወደ ወንጂ የመጣው ሠራተኛ ብዙው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ነበርና አያትህም ከዚያ ከሆኑ ወልዴ የተባሉት ሲጠመቁ ወይም እዚህ ሲደርሱ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ሄደህ «የወልዴ ቤት የት ነው» ብትል የሚያውቅ አታገኝም፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ይዘህ መሄድ አለብህ።

ያንን ስም ከማን ታገኛለህ? ከትልቋ አክስትህ ጀምር። ሴቶቹ የእናትን ወገንም ይቆጥራሉ፤ በጋብቻ ስማቸው ስለማይለወጥም ለማገናኘት ይቀላሉ። «ዘራችን ከየት ነው» ብለህ ከጠየቅህ የምታገኘው የታወቀ ጀግና ስም ነው። ይልቅ እንዲህ በል፦ አባባ ሲሞቱ ከአገር ቤት ማን ለቅሶ መጣ? በየት ሆኖ፣ ስንት ቀን ሄዶ? ተዝካር ላይ ዋና ሆኖ የቆመው ማን ነው? ለቅሶ የመጣ ሰው ስም ከነመንደሩ ይታወሳል፤ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ነው። ፈቃድ ጠይቀህ በስልክህ ቅዳ። ለእያንዳንዱ ስም የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን አጥቢያ ወይም ጎሳውን፣ ለተናጋሪዋ ምን እንደሚሆናት ጻፍ። «ወንድሜ» ያለችው የአክስት ልጅ ሊሆን ስለሚችል «በአባት ነው በእናት?» ብለህ አጥራ።

ዓመቱን ከታወቀ ነገር ጋር አስይዘው፦ የኅዳር በሽታ 1911፣ የማይጨው ዘመቻ 1928፣ የፋብሪካው ሥራ መጀመር 1946። «በዘመነ ማርቆስ ተወለዱ» ከተባለ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ከማይጨው ትንሽ ቀደም ብሎ በማርቆስ ማለት 1926 ነው፤ ካልሆነ 1922። በ1926 ተወልደው ከሆነ ፋብሪካው ሲጀምር 20 ዓመታቸው ነው፤ ይህ ይገጥማል። ፋብሪካውን ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ስለሆነ የድሮ የሥራ ወረቀት ካገኘህ ዓመቱ በፈረንጅ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ቀንስ።

ወረቀት ፍለጋ ስትሄድ በልደት ምስክር ወረቀት አትድከም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። የቀበሌ ማኅደርም ቀበሌን ካቋቋመው ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ያለውን እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን አይሰጥህም። በእኔ ግምት የእድር መዝገብ ይበልጣል። ብዙ እድሮች ለየትኛው ዘመድ ሞት ምን ያህል እንደሚከፍሉ ስለሚወስኑ አባሉ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የወንድምና የእህቱን፣ የአማቱን ስም ያስመዘግባል። ለዳኛውና ለጸሐፊው አስረድተህ የድሮውን ደብተር አስፈልግ፤ አዲሱ ላይ የሞቱት ተሰርዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በክርስትና ስም ጠይቅ። ስትፈልግ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ብለህ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክር፤ በቁቤ የተጻፈም ሊኖር ይችላል።

ሐረጉን የሚያበላሸው ዋና ነገር ማሳደግ ነው። አጎት ያሳደገው ልጅ በአጎቱ ስም ይጠራል፤ በጉዲፈቻ የገባ ደግሞ የአሳዳጊውን ሐረግ ሙሉ ይቆጥራል። «የወለዱት ናቸው ያሳደጉት?» ብለህ በአክብሮት ጠይቅ፤ ሁለቱንም መዝግብ፣ አንዱንም አትሰርዝ። ሲጨርሱልህ ደግሞ በየትውልዱ ከ25 እስከ 30 ዓመት አስበህ መዝነው፤ ከወልዴ በላይ ሦስት ሰው ብቻ ተቆጥሮ ዐፄ ፋሲል ዘመን ላይ ከዘለለ መካከል የጠፋ ስም አለ።

ያኔ ወደ አራቱ ቤት ሂድ። የአንተን ሐረግ ሳታሳያቸው የእነሱን አስቆጥር። ከወልዴ በላይ ሁለት ስም በተከታታይ ከገጠመና አጥቢያው ወይም ጎሳው አንድ ከሆነ ዘመድ ናችሁ። አንድ ስም ብቻ ከገጠመ ግን ገና ነው፤ ለቅሶ የመጡትን ሰዎች ስም አነጻጽሩ፣ እዚያ ላይ የጋራ ሰው ሊወጣ ይችላል።