«እማዬ፣ የገና አባት የምር አለ?»

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው አራት ኪሎ፣ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። ኬጂ ከገባች ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ትምህርት ቤቷ የገና አባት ይመጣል። ወላጅ ስጦታውን ገዝቶ፣ ጠቅልሎ፣ የልጁን ስም ጽፎ በድብቅ ለመምህሯ ይሰጣል። ከዚያ ቀይ የለበሰው፣ የጥጥ ጺም ያደረገው ሰውዬ ስም እየጠራ ያድላል። ስሟ ሲጠራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ቢያዩት! እኔ በልጅነቴ ስጦታ የሚባል ነገር አላውቅም። ለገና አዲስ ቀሚስ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ የእሷ ደስታ የእኔም ነበር። ቤት ውስጥም ስታስቸግረኝ «ጎበዝ ካልሆንሽ የገና አባት አይመጣልሽም» እላታለሁ። ወዲያው ጸጥ ትላለች።

አማቴ አይወዱትም። «ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ቸኮሌት የሚያድል ምን ዓይነት የገና አባት ነው? ልጅንስ መዋሸት ምን ይሉታል?» ይላሉ። ባለቤቴ በእኔና በእናቱ መሃል ሆኖ ዝም ይላል።

ግቢያችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ። ልጃቸው የልጄ እኩያ ናት፤ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት። የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ ልጄ አሻንጉሊቷን ታቅፋ ስትመጣ «ላንቺስ ምን አመጣልሽ?» አለቻት። «እኛ ጋ አልመጣም» አለች ልጅቷ። ማታ ላስተኛት ስል ልጄ «እማዬ፣ እሷ ባለጌ ናት እንዴ? ለምን አልመጣላትም?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «የገና አባት ግን የምር አለ?» አለች። «ነገ እነግርሻለሁ፣ ተኚ» ብዬ መብራቱን አጠፋሁት።

አራት ቀን ሆነኝ። እውነቱን ብነግራት ልጅነቷን የምቀማት ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ምን ላድርግ?

እናት፣ ከአራት ኪሎ

*

እህቴ፣

ልጅሽ የጠየቀችሽ ሁለት ነገር ነው። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ሁለተኛው ይመስለኛል። እኔን የከበደኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

«እሷ ባለጌ ናት እንዴ?» ልጅሽ የተሳሳተችው ነገር የለም። ጎበዝ ልጅ ስጦታ ያገኛል ብለሻታል። ስለዚህ ያላገኘችው ጎበዝ አይደለችም ማለት ነው። ያቺ ልጅ ያላገኘችው ግን ለስጦታ የሚተርፍ ብር ስለሌለ ነው። ሁለቱም ልጆች ይህን አያውቁም። የጎረቤትሽ ልጅም ማታ ተኝታ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ እያሰበች ይሆናል። ይህን ዛሬ ማታ አስተካክይው። «ካልጎበዝሽ አይመጣልሽም» የሚለውንም ከዛሬ ጀምሮ ተዪው፤ ከአፍሽ አይውጣ።

በእምነቱ በራሱ ግን አልቆጣሽም። እኔም የወለቀ ጥርሴን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወርውሬ አዲስ እንዲመጣልኝ የለመንኩ ልጅ ነኝ። ትልልቆቹ ስቀው አብረውኝ ቆሙ። ሳድግ ተታለልኩ አላልኩም። ልጅ በምናቡ ሲጫወት አብሮ መጫወት ውሸት አይደለም። ልጁ ዓይን ዓይንሽን እያየ «የምር?» ካለሽ በኋላ ግን ጨዋታው አብቅቷል። ያኔ የሚፈልገው እናቱን ማመን ነው።

ልጅነቷን መቀማት ላልሽው፣ በፈረንጆቹ 1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በገና አባት ማመን ያቆሙ 52 ልጆችንና ወላጆቻቸውን ያነጋገረ ነው። ልጆቹ ባብዛኛው ሰባት ዓመት ገደማ ላይ በራሳቸው ደርሰውበታል። የተሰማቸውም በአመዛኙ ጥሩ ስሜት ነበር። ያዘኑት ወላጆቹ ናቸው። ያንቺም ሐዘን እንደዚያ ይመስለኛል። አንቺ በልጅነትሽ ያላገኘሽውን ደስታ በእሷ ፊት ላይ ስታዪ ዓመታት ቆየሽ። ሲያበቃ ያማል። ትንሽ እዘኚ፣ አይዞሽ። ብቻ ሐዘኑን እሷ ላይ አትጫኚው።

መጀመሪያ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» በያት። ግማሹን ታውቀው ይሆናል። ከዚያ ቀዩን ልብስ የሚለብሰው ሰው መሆኑን፣ ስጦታውን የገዛሽው አንቺ መሆንሽን ንገሪያት። ታናናሾቿ ጋ እንዳትነግርባቸውም አደራ በያት። እዚያ ላይ ግን አታቁሚ፤ የኒቆላዎስን ታሪክ ጨምሪላት። የገና አባት ታሪክ የተነሳው ከእሱ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የሜራ ከተማ ጳጳስ ነበር። አንድ ሀብታም ሰው ደህይቶ ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር አቃተው። ኒቆላዎስ ወርቁን በሌሊት፣ በመስኮት ጥሎለት ይሄድ ነበር ይባላል። በቀን ሰጥቶት ቢሆን አባትየው በሰፈሩ ፊት ባፈረ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ይህ መደበቁ ነው። ስለዚህ ለጎረቤትሽ ልጅ ስጦታ ለመስጠት ካሰብሽ፣ እንደምታስቢም አምናለሁ፣ በልጅሽ እጅ አትላኪው። ግቢው እያየ የተሰጠ ስጦታ እናትየዋን ያሳቅቃል። ለብቻቸው አግኝተሽ፣ ቡና ስትጠጡም ሊሆን ይችላል፣ «ለገና ለሁለቱም ልጆች አንድ አንድ ነገር ገዝቼ ነበር፤ የእርስዎን ልጅ እርስዎ ይስጧት» በያቸው። ልጅቷ ከእናቷ እጅ ትቀበል። ልጅሽ ምስጢሩን ካንቺ ጋር ትያዝ፤ መጠቅለያውን እሷ ትምረጥ። ታኅሣሥ 29 ገና አልደረሰም፣ ጊዜ አለሽ።

አማትሽ ስለ ጾሙ ያሉት እውነት ነው፤ የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል ጾማችን መሃል ይገባል። ቸኮሌቱን እስከ በዓሉ ማስቀመጥ ይቻላል። ኒቆላዎስን ግን ባዕድ አይበሉት። የእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ቀኑ ቢያልፍም ታሪኩን ለልጅሽ አማትሽ ራሳቸው ቢነግሯት ደስ ይለኛል። አያት ስትተርክ ልጅ አጥብቆ ይሰማል። ባለቤትሽም አጠገባቸው ይቀመጥ። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።